እግር ያለው ጓሮ

በረንዳዬን የሚያሳምርልኝ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ስድስት የዘይት ጣሳ በባጃጅ ጭኖ መጣ። አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ ዝገት የበላቸው፣ ጎናቸው የጎደጎደ፣ እኛ ድሮ የምናውቃቸው ዓይነት ናቸው። «አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው እትዬ» አለኝና ስልኩን አውጥቶ የሰው አገር ሳሎንና በረንዳ እያገላበጠ አሳየኝ፤ ሣጥን ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ በገመድ የተንጠለጠለ መጋረጃ፣ በጣሳ የተተከለ ሎሚ። ሳቄን ዋጥኩት። ከአጥሩ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታም ሞልተን መቀመጫ እናድርጋት ሲለኝ፣ እሷን ተዋት አልኩት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ከዚያ አፈሩን ሞልቶ፣ ችግኙን ተክሎ ውኃ ሲያጠጣ የረጠበ ዝገትና የጭቃ ሽታ ተደባልቆ መጣና ጎንደር በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በሐሳብ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ። ሰው እንዲህ ሲሆን ሆዱ ይባባል ይላሉ፤ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሊነቅሉ ድድን በመርፌ እንደወጉት ዓይነት ነው፤ ሐኪሙ እየጎተተ እንደሆነ ይታወቃል፣ ሕመሙ ግን የለም።

አባትና እናቴ በደርግ ጊዜ ከአርማጭሆ ወጥተው ድንበሩን ሲሻገሩ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ ይሉኛል። ነፍስ ሳውቅ ያገኘሁት ቤት ከከተማው ዳር፣ የእህል ጎተራው ረጅም ግንብ ከሩቅ በሚታይበት ሰፈር ነበር፤ አንድ የጭቃ ክፍል፣ ከፊቱ ደግሞ ራኩባ የምንለው በሣር የተከደነ ዳስ። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እስከ ወለላችን ድረስ ገብቶ የእናቴን ሦስት ማንኪያዎች ውጧል። ሦስተኛይቱን ግን የወሰደቻት ጎረቤት ናት ብላ እስከ መጨረሻው ከቃሏ አልተመለሰችም።

አባቴ ገበያ ውስጥ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። ባዶ የዘይት ጣሳ እየቆረጠ የከሰል ምድጃ፣ ኩራዝ፣ የውኃ መቅጃ ይሠራል። የሱን ሥራ ከሌላው የሚለየው ጠርዙ ነው፤ የቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በግማሽ ጣት ስፋት ወደ ውስጥ አጥፎ በመዶሻ ያስተኛዋል። «የሴት እጅ እንዳይቆርጥ» ይላል። ሌሎቹ ቀጥቃጮች ይስቁበት ነበር፤ እነሱ ሦስት ሲሠሩ እሱ ሁለት ነው የሚሠራ። እኔ ግን ከማንም ቤት ያለ ምድጃ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ጠርዙ ላይ ካስኬድኩ የአባቴ መሆኑንና አለመሆኑን እናገራለሁ።

ይህ ሰው በቤቱ ደንብ ነበረው። ሁለት ሰው አንስቶ መኪና ላይ የማይጭነው ዕቃ እዚህ ቤት አይገባም፤ ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም፤ መሬት ውስጥ ሥር የሚሰድ ነገር አይተከልም። ምክንያቱም በመስከረም አገራችን እንገባለን። የትኛው መስከረም ተብሎ አይጠየቅም። ደርግ ወደቀ ከተባለ ወዲያማ ባሰበት፤ እያንዳንዱ መስከረም የመጨረሻው ሆነ። የግድግዳ ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ፣ የገዳሪፍ ተወላጅ ናት፣ እሱ ፊት «ኢንሻአላህ» ትለዋለች፤ ዞር ሲል ደግሞ እናቴን «እናንተ አገር መስከረም በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚመጣው?» ብላ ትጠይቃታለች።

እናቴ ደንቡን አልጣሰችም፤ ግን ዞር ብላ አለፈችው። ምስማር ከተከለከለ ገመድ አለ፤ ከምሰሶ ምሰሶ በወጠረችው ገመድ ላይ ከሰሊጥ ጆንያ የሰፋችውን መጋረጃ፣ ጫፉን በቀይ ክር ጠልፋ፣ ሰቀለችና አንዱን ክፍል ሁለት አደረገችው። ሣጥኖቹ ልብስ እንደታጨቀባቸው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ፍራሽ ተነጠፈባቸውና መደብ ሆኑ። ባለ አበባ ትሪዎቿን ሣጥኖቹ ላይ አስደግፋ ስታቆማቸው የማታ ፀሐይ በበሩ ገብታ እነሱን ትመታና ቤቱ ወርቅማ ይሆናል። ግድግዳውን በየዓመቱ ኖራ ትቀባዋለች፤ ኖራው ውስጥ ነጭ ልብስ የሚታጠብበትን ሰማያዊ ዱቄት ቆንጠር አድርጋ ትጨምርበታለች። አባቴ «ግድግዳ ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው?» ሲላት «ቀለም ምን ይከብዳል?» አለችው። አንድ ዓመት ዱቄቱ በዛባትና ግድግዳውን የተደገፈ ሁሉ ትከሻው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣ ጀመር፤ እኔም ያንን ወር ትምህርት ቤት የሄድኩት በዚያው ትከሻ ነው።

የእናቴ ጓሮ ግን ራሱን የቻለ ነገር ነበር። በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ ጌሾው፣ ሐጃ ዘይነብ የሰጠቻት አንዲት የሎሚ ችግኝ፣ ሃያ ምናምን ጣሳ ላይ። የገዳሪፍ ፀሐይ ደግሞ ጣሳን እንደ ድስት ነው የምታግለው፤ ሥሩ ይቀቀላል። ስለዚህ ጓሯችን ከጥላ ጋር ይዞር ነበር። ጠዋት ጣሳዎቹ ከቤቱ በስተምዕራብ ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእናቴ ጋር አንድ በአንድ ተሸክመን በስተምሥራቅ እንደረድራቸዋለን፤ በማግሥቱ ጠዋት መልሰን እናዞራቸዋለን። እንዲያው ዝም ብሎ መደርደርም የለም፤ ረጅሙ ከኋላ፣ አጭሩ ከፊት፣ የሚሸተው ከበሩ አጠገብ። ቀትር ላይ ከግድግዳው ሥር የሚቀረው ጥላ ስንዝር አይሞላም፤ ያኔ እኛም ጣሳዎቹም ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ተሰልፈን እንቆማለን። ሐጃ ዘይነብ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብላ «ያንቺ ጀኒና እግር አላት» ትላታለች፤ ጀኒና ማለቷ ጓሮ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስሸከም እጄን አንድም ቀን ተቆርጬ አላውቅም፤ የጣሳዎቹን አፍ ሁሉ አባቴ አጥፎታል።

ሎሚዋ እያደገች ስትሄድ ለሁለት ማንሳት አቃተን። ጣሳው ጠበባት፣ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። እናቴ ደግሞ ፀሐይ የማትስማማት ሴት ናት፤ ልብስ የምታጥበው ጥላ በሌለው ግቢ ነው፣ ቀትር ሲሆን ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ዓይኗን መግለጥ ያቅታታል። አንድ ቀን አባቴ ምሳውን እየበላ ሳለ ነገሩን አነሳችው።

«እቺን አንዷን ብቻ መሬት ላስገባት። ከማጠቢያው ዘንድ ጥላ ትሆነኛለች።»

«ዛፍ ከተከልሽማ መቅረትሽ ነው።»

«እኔ ጥላ ነው ያልኩህ። ልቅር መቼ አልኩ?»

«በመስከረም እንገባ የለ? ያኔ የፈለግሽውን ያህል ትተክያለሽ።»

ተነስታ ከጋኑ ውኃ ቀድታ ቆማ ጠጣች። ደግማ አልጠየቀችውም። እናቴ ለራሷ የሆነ ነገር ስትጠይቅ ያየኋትም የሰማኋትም ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ኸሽም ኤል ቂርባ የምትኖረው አክስቴ ወለደችና እኔና እናቴ እዚያ ሄደን አራስ ጠይቀን ሁለት ሳምንት ቆየን። ስንመለስ ሎሚዋ ከነጣሳዋ ከማጠቢያው አጠገብ፣ እጣቢው በሚወርድበት ጥግ ተቀምጣለች። አባቴ «ጀርባዬን አሞኛል፤ ከእንግዲህ እቺን የሚያንቀሳቅስ የለም፤ ከሞተችም ትሙት» አለ። ለኔ ደግሞ አንድ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን አጥፎ፣ መጫወቻ ብሎ ሰጠኝ። የአሻንጉሊት ቤቴ ወለል አደረግኩት። የክብሪት ቀፎ አልጋ፣ የጨርቅ ቁራጭ መጋረጃ፣ ልክ እንደ እናቴ ቤት፤ ከደጁ ግን የበቀለ ሽንኩርት አምጥቼ መሬት ቆፍሬ ተከልኩ። አባቴ አየኝና ይቆጣኛል ስል ሽንኩርቱን ተራምዶ አለፈ።

ሎሚዋ አልሞተችም። በዚያው ክረምት ቅጠሏ ጠቆረ፣ በሁለተኛው ዓመት አበበች፣ በሦስተኛው አፈራች። ሰው እየመጣ «በጣሳ ይህን ያህል!» ይላል። እናቴ ምስጢሩ አመድና የልብስ እጣቢ ነው እያለች ለሴቶቹ ሁሉ ታስተምራለች፤ እንደሷ አድርገው ሎሚ በጣሳ ተክለው ያደረቁ ስንትና ስንት ናቸው። እሷ ከሎሚዋ ሥር ታጥባለች፤ ሻሿን ማጥበቅ እየተወች መጣች። ሐጃ ዘይነብ በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች። አባቴም ለምሳ ሲመጣ እዚያው ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ስለ ሎሚዋ ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። ሌሎቹን ጣሳዎች እኔና እናቴ እንደ ልማዳችን ጠዋትና ከሰዓት ማዞራችንን ቀጠልን።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ተመላሾችን የሚጭኑት መኪኖች መጡ። ከተመዘገቡት አባቴ የመጀመሪያው ነው። የመሄጃው ቀን ሌሎቹ በር ሲነቅሉ፣ ጣራ ሲያፈርሱ፣ እኛ ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሰን ሣጥናችን ላይ ተቀምጠናል፤ ያ ሁሉ ደንብ ለዚች ግማሽ ቀን ነበር ማለት ነው። አባቴ በግቢው ወዲያ ወዲህ ሲል ኩራቱ ያስታውቃል። ያኔ እናቴ «ሎሚዋስ?» አለች።

«ተያት፤ መኪናው ሞልቷል።»

«ሁለት ሰው ያነሳት የለም? ደንብህ እንደሱ ነው።»

ጫኞቹን ጠራች፤ ሁለት ጎልማሶች ጣሳውን በግራና በቀኝ አቅፈው አነሱት። ጣሳው ብቻውን ግንዱን ተከትሎ ወደ ላይ ተንሸራቶ መጣ። አፈሩ ግን እንደ ቆመ ቀረ፤ ከሥሩ እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ሥሮች ዋልካው ውስጥ ገብተዋል። ጣሳው ታች የለውም። እናቴ ጎንበስ ብላ ጣቷን በጣሳው የታች ጠርዝ ላይ አስኬደች። ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በመዶሻ ተኝቷል። እኔ መንካት እንኳ አላስፈለገኝም። ሁለታችንም አባቴን አየነው፤ እሱ መኪናውን ያያል።

«መልሱት» አለቻቸው ጫኞቹን። ጣሳውን ወደ ቦታው አወረዱት። ጋኑ ውስጥ የቀረውን ውኃ አምጥታ ሥሯ ላይ ደፋችና መኪናው ላይ ወጣች።

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው የተነጋገሩት። «መቼ ነው የቆረጥከው?» አለችው። «ኸሽም ኤል ቂርባ ሳላችሁ» አላት። «ምነው አልነገርከኝ?» እሱም «በአፌ ካልኩት የምንቀር መሰለኝ» አለ። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሜዳውን እያየች «ባውቅ ኖሮ ሌላም እተክል ነበር» አለችው። ከዚያ ስለዚህ ነገር ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። የተቆረጠችው የጣሳዋ ታች፣ ያቺ መጫወቻዬ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ፣ በኔ ጥቅልል ውስጥ ነበረች። እናቴ ጎንደር ስንደርስ አገኘቻትና የውኃ እንስራ መክደኛ አደረገቻት፤ እስክትሞት ድረስ በየቀኑ ትከፍታታለች፣ ትከድናታለች።

ይሄን የምኖርበትን ግቢ ባገኙ በሳምንቱ አባቴ ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈረ። ፍግ ሞላበትና «ሎሚም ይሁን ብርቱካን፣ የፈለግሽውን» አላት። «አይ፣ ጣሳ ይበቃኛል» አለች። እንደ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይበርድ ነበር፤ እሷ ግን ወጡ ጨው ይበቃዋል በምትልበት ድምፅ ነው ያለችው። ጎንደር ጥላ ሞልቷል፤ ፀሐይዋም ጣሳ አታግልም። እሷ ግን ጣሳዎቿን በግድግዳው ሥር ደርድራ ጠዋት ወደዚህ ከሰዓት ወደዚያ ማዞሯን አልተወችም። አባቴም አብሯት ይሸከማል፣ ጀርባው የእውነት እስኪከዳው ድረስ። ጉድጓዱን ዝናብ እየሞላ፣ ዶሮ እየጫረው ጎድጓዳ ሆኖ ቀረ። አባቴን ቀበርን፣ ከዚያ እሷን ቀበርን። ሁለቱንም ቀን ለለቅሶተኛው ወንበር ሳስተካክል ነው የዋልኩት፤ አላለቀስኩም።

የጠፋብንን ልቁጠር ብል ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ቤቱ ጭቃ ነው፤ ፈርሷል። የሎሚዋ ጥላ ግን ይታየኛል፤ አንዲት ሴት ከነማጠቢያዋ የምትይዝ ናት። የገዳሪፉ ግቢ ታቹ በተቆረጠ ጣሳ እንደሷ ያሉ አምስት ስድስት ይችል ነበር፤ ይህን አባቴ ያውቅ ነበር፣ እናቴ ግን አታውቅም ነበር። የተቆረጠውን ታች እኔ እንኳ የአሻንጉሊት ቤት ወለል አድርጌ ተጫውቼበታለሁ።

ቅዳሜ ልጁ ከሄደ በኋላ የከሰዓቱ ፀሐይ በረንዳው ላይ ገባ። ሳላስበው ተነስቼ ጣሳዎቹን ወደ ማዶ ማዞር ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ጠርዙ ጣቴን ቆረጠኝ። ደሙ ሲወርድ አየሁት፤ ቆይቶ አመመኝ፤ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ አለቀስኩ።

ሰኞ ልጁ ተመልሶ መጣና ጣሳዎቹን ካስቀመጠበት አጣቸው። «ማን አነሳቸው እትዬ?» አለኝ።

«ጥላው ዞረ እኮ» አልኩት። «ይልቅ የጣሳዎቹን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈህ በመዶሻ አስተኛልኝ።»

«ፋሽኑ እኮ እንዲሁ ነው፤ ለምን?»

«የሴት እጅ እንዳይቆርጥ።»