ጫፉ አረንጓዴ ቬሎ

ዘንድሮ የሚያገባ ሰው ሁሉ ቀለም አለው። ሽማግሌ ሳይላክ ቀለም ይመረጣል፤ የሚመረጠውም ክሬም ነው። ክሬም ያልሆነው የክሬም ታናሽ ወንድም ነው፤ የአጃ ሾርባ፣ ሻይ በወተት፣ ሳሙና ያጣ ነጠላ። በጥር ከእሑዶች ባንዱ ዓለም ባንክ አካባቢ ካሉት አዳራሾች ወደ አንዱ የገባ ሰው የቀሩትን እሑዶች በሙሉ አይቷል። መጋረጃው ክሬም፣ የወንበሩ ልብስ ክሬም፣ የላስቲኩ ጽጌረዳ ክሬም። አመሻሹ ላይ የደከመው ሰርገኛም ፊቱ ወደዚያው ያዘነብላል። ይህን «የጥር ስሜት» ይሉታል፤ ከስልክ በተቀዳው የፈረንጅ ሥዕል ላይ ጥር በረዶ የሚጥልበት ወር ነዋ። እኛ አገር ጥር የሚጥለው አቧራ ነው።

ጋሽ መኳንንት ጨዋ ስለሆኑ ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ስለዚህ እኔ ልናገርላቸው።

ሸራ ሰፊ ናቸው። ጸጉራቸው የሸበተው ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ፣ የጭነት መኪና ሸራ ላይ ጎንበስ ብለው በወፍራም መርፌ ሲወጉ ነው። ያ እንጀራቸው ነበር። ክብራቸው ግን ዳስ ነበር። በዚያ ሰፈር ልጅ የሚድር ሰው ከንስሐ አባቱ ቀጥሎ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። ሚስማር አይነኩም፤ አጠናውን በልጥ ያስራሉ፣ ሸራውን ይወጥራሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰማዩንና ሜዳውን ይመለከታሉ። ቀለም የሚመርጡት እንዲህ ነው። ዳስ ወቅቱ የነፈገውን መስጠት አለበት ባይ ናቸው።

ጥቅምት ላይ ምድሩ አረንጓዴና ቢጫ ለብሶ ሲኮራ፣ የሳቸው ዳስ ነጭ ነው፤ ከየቤቱ አንሶላና ነጠላ ይሰበሰባል። ጥር ላይ ሣሩ ደርቆ አቧራው ዓይን አላስገልጥ ሲል፣ ዳሱ አረንጓዴ ነው፤ ቄጠማ ከወንዝ ዳር፣ ዘንባባ ከወዳጅ ግቢ፣ ጥድ ከሳንሱሲ በላይ ካለው ዳገት። ከፋሲካ ወዲያ ሰማዩ ሲደፈርስ ደግሞ ቀይ ነው። ቀይ ጨርቅ በደርግ ዘመን ሞልቶ ነበር፤ ሰልፍ ባለፈ ቁጥር ከየቀበሌው መፈክር ይተርፋል። ጋሽ መኳንንት ጽሑፉን ወደ ውጭ አዙረው ይሰቅሉታል። ሙሽሮቹ ውስጥ ዳቦ ሲቆርሱ ከጀርባቸው ኢምፔሪያሊዝም ይወድማል።

ቬሎውም የጋራ ነበር። አንዲት የሰፈር ሴት ያሰፋችው ቬሎ ከሙሽራ ወደ ሙሽራ ይዘዋወር ነበር፤ እየጠበበ፣ እየሰፋ፣ እያጠረ፣ እየረዘመ። ስለ ሀብት ክፍፍል ከተበተነልን ወረቀት ሁሉ በተግባር የዋለው ይሄ ብቻ ይመስለኛል። የጋሽ መኳንንት ባለቤት ጽጌማርያም፣ ነፍሷን ይማርና፣ የተዳረችው በሱ ነው። ፎቶዋ አለ። የጥር ዳስ በር ላይ ቆማ ትስቃለች፤ የቬሎው ጫፍ እርጥብ ቄጠማ ላይ ተጎትቶ ስንዝር ያህል አረንጓዴ ሆኗል።

ዛሬ ያ ዳስ የቆመበት ግቢ የለም፤ መንገድ ሆኗል። ጽጌማርያምም የለችም። ጋሽ መኳንንት ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ልጃቸው ከማርያማዊት ጋር ይኖራሉ፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። መሬት የሌለው ሰው ዳስ አይጥልምና ሸራው አልጋ ሥር ገብቷል። ማርያማዊት ባንክ ትሠራለች፤ ቁጥብ ናት፣ እንደ አባቷ ግትር። አምና አማኑ የሚባል የነጋዴ ልጅ ጠየቃት፤ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። አባትየው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጃቸውን ከገዛ በራቸው፣ በገዛ ዳሳቸው አሳልፈው መስጠት። ልጅቷ ግን ሌላ አስባለች።

«አባዬ፣ እኔ ከሆቴል ነው የምወጣው» አለች ምሳ ላይ።

«ከሆቴል የሚወጣ እንግዳ ነው።»

«ዛሬ ሁሉም ከሆቴል ነው የሚወጣው። ለፎቶ ይመቻል።»

«እዚህስ ምን ጎደለ?»

«ደረጃውን አይተኸዋል? ከሰልና ጀሪካን ተደርድሮበት። ዳስ የት ልትጥል ነው፣ ጣሪያው ላይ?»

«ደረጃው ላይ።»

የቀለዱ መስሏት ሳቀች። አልቀለዱም።

«ደረጃውን ስጪኝ፤ አዳራሹ ያንቺ ይሁን።»

«ቀለሙ ግን ክሬም ነው፣ አባዬ። የዲኮሯ ልጅ ናዝራዊት ሁሉንም አስማምታ ጨርሳለች።»

ጋሽ መኳንንት ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ። ሜዳው፣ የቆመው ሚኒባስ፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። «ክሬሙን ጥር ራሱ ጨርሶታል» አሉ። «እኔ ምን ልጨምርበት?»

በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ። ቅዳሜ ደረጃውን ይሠራሉ፤ እሑድ ጠዋት ናዝራዊት መጥታ ታየዋለች። ይሆናል ካለች ሙሽራዋ ከቤት ትወጣለች። አይሆንም ካለች መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ወደ ሆቴል። እንግዲህ የሰፈር ሙሽራ ሁሉ በዳሳቸው ሥር ያለፈችላቸው ሰው፣ እውቀቷን ከስልክ በቀዳች ልጅ ፊት ፈተና ሊቀመጡ ነው። ይህን ነው ዕድገት የሚሉን።

ቅዳሜ አጠናው ከአጠና ተራ፣ ቄጠማው በማዳበሪያ ከረጢት መጣ። ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው እትዬ ሰብሌ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ፤ ለመሥራት ሳይሆን ለመተቸት።

«ጋሽ መኳንንት፣ ልጅ እየዳሩ ነው ወይስ ጫካ እየገቡ?»

«ሁለቱም አንድ ነው፣ ሰብሌ። ይልቅ ገመዱን ያዢልኝ።»

«በዚህ ዕድሜዎ ቢወድቁ ሸራው ለለቅሶ ይሆነናል፤ አይባክንም።»

ይህን እያሉ ገመዱን እስኪመሽ ያዙ።

ደረጃው ደረጃ መሆኑ ቀረ። በየመታጠፊያው የአጠና ቅስት ቆመ፣ በዘንባባ ተሸፈነ። የብረት መደገፊያው በጥድ ተጠመጠመ። ከአራተኛ ፎቅ እስከ መሬት ቄጠማ ተጎዘጎዘ፤ ጋሽ መኳንንት በጣሳ ውሃ እየረጩ ወረዱ። ጎረቤቱ ያለ ጉዳዩ ሲወጣና ሲወርድ አመሸ። እኔም ወጣሁ። ሽታው አጠና ተራ አደረሰኝ ብል ስሜታዊ ትሉኛላችሁ፤ ስለዚህ ይቅር።

እሑድ ጠዋት ናዝራዊት ደረሰች። ከታች እስከ ላይ እያየች፣ ቅስቱን በጣቷ እየነካች ወጣች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ይህን መመስከር ደስ ባይለኝም።

«አባቴ፣ በጣም ያምራል» አለች። «እውነቴን ነው። ግን ቄጠማው እርጥብ ነው፣ ቬሎው ደግሞ ኪራይ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ተጎትቶ ታች ሲደርስ ጫፉ አረንጓዴ ይሆናል። አዳራሹ ሁሉ ክሬም ነው፤ እንዲህ ሆና መድረክ ላይ ልትቀመጥ ነው?»

ጋሽ መኳንንት ስለ ሰማይ አስበዋል፣ ስለ አቧራ አስበዋል። ስለ ቬሎ ጫፍ በሕይወታቸው አስበው አያውቁም። ያ ሁሉ ሙሽራ በዳሳቸው ሥር ሲያልፍ አንዲትም ቅር ያላት አልነበረችም።

መጥረጊያ አመጡና ከገዛ በራቸው ጀምረው ቄጠማውን መጥረግ ጀመሩ።

በሩ ተከፈተ። ማርያማዊት ቬሎዋን ለብሳለች፤ ጸጉሯ ግን ገና ግማሹ በቢጎዲን ተጠቅልሏል።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እያጸዳሁ ነው። ልብስሽን ያበላሻል አለች፤ እውነቷን ነው። አንቺ ወደ ሆቴልሽ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

ማርያማዊት ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን የእናቷን ፎቶ አየች፤ ከዚያ መጥረጊያውን።

«እማዬ የለበሰችው የራሷ ነበር?»

«የሰፈር ነው። ሲዞር የኖረ።»

«ታዲያ አልተቆጧትም?»

«ማን ይቆጣል? ስትቀበለውም አረንጓዴ ነበር። ከሷ በፊት የለበሰችውም የጥር ሙሽራ ናት።»

ልጅቷ ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ ወጣች፣ መጥረጊያውን ከእጃቸው ወስዳ በሩ ጀርባ አቆመችው።

«መልሰህ ጎዝጉዘው» አለች። «የልብሱን ነገር ከባለቤቶቹ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ናዝሪ፣ ሹፌሩን ሆቴል አንሄድም በይው።»

«ማሪ፣ ፎቶው ላይ ይታያል እኮ።»

«ይታይ።»

አማኑና ሚዜዎቹ ሲደርሱ በር የመከልከሉ ሥርዓት እንደ ጥንቱ አንድ በር ላይ አላበቃም፤ በየፎቁ ቅስት ነበርና በየፎቁ ተከለከሉ። የምድሩን በር የያዙት እትዬ ሰብሌ ናቸው፤ ጉቦ ሳይቀበሉ አላሳለፉም። አንደኛው ሚዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክራባቱን ፈትቶ ዘንባባው ሥር ተቀመጠ። «አማኑዬ፣ እኔ እዚሁ ልዳር» አለ። ከላይ እስከ ታች ተሳቀበት።

ማርያማዊት በአባቷ ክንድ ወጣች። ሴት ሚዜዎቿ የቬሎውን ጭራ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ «ተዉት» አለቻቸው። ተዉት። ቬሎው ከኋላዋ እየተንሿከከ ከፎቅ ወደ ፎቅ፣ ከቅስት ወደ ቅስት ወረደ። አባትየው ዘንድሮ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዝግ ብለው ነው የወረዱት፤ ማንም አላጣደፋቸውም።

አዳራሹ በዕቅዱ መሠረት ክሬም ነበር። ሙሽራዋ መድረክ ላይ ስትቀመጥ ናዝራዊት ሮጣ የላስቲክ ጽጌረዳዎቿን በቬሎው አረንጓዴ ጫፍ ላይ ደረደረች። ማርያማዊት በጫማዋ አፍንጫ ገፋ አደረገቻቸው። ፎቶ አንሺው አነሣ።

እትዬ ሰብሌ ከጋሽ መኳንንት ጎን ተቀምጠው ነበር።

«አሁን ያንን ማን ሊያጥበው ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«የቄጠማ አረንጓዴ እኮ አይለቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ መኳንንት፤ ዓይናቸውን ከጫፉ ላይ ሳያነሡ።