በርሜሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ዕለት

ነጅሚያ ዑመር ደብረ ታቦር ላይ ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው ነገር ለሰፈሩ ሰው ግራ ነው። ከነዳጅ የወጣ ፈሳሽ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊት ሲጨመርበት እፍግታውን፣ ማለት አንዱ ሊትር ስንት እንደሚመዝን፣ አስቀድማ በስሌት ትናገራለች፤ ከዚያ በመሣሪያ ለክታ ታረጋግጣለች። «አየር ትመዝናለች አሉ!» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ! እሷ ከየት እንደጀመረች ታውቃለች።

አባቷ ዑመር ላምባ ነጋዴ ነበሩ። ከወረታ ጭነው የሚያመጡላቸው ሾፌሩ ጋሽ ማሩ ናቸው፤ በኢድም በፋሲካም የማይለያዩ ወዳጆች። አንድ ቀን ዑመር ራሳቸው ወረታ ወርደው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በርሜሉን እስከ አፉ አስሞልተው በማሩ መኪና ላኩት። በማግስቱ ጠዋት፣ በዚያ የጉና ብርድ፣ ሲከፍቱት አንድ ጣት ጎድሏል። በበርሜል አንድ ጣት ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

«ማሩ፣ አንተም?» አሉ፣ ገበያተኛው እየሰማ።

«ጣራ ገዳምን! እጄ አልነካውም» አሉ ማሩ። እንባቸው መጣ።

ነጅሚያ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ፈሳሽ ሲሞቅ እንደሚያብጥ፣ ሲበርደው እንደሚሰበሰብ የተማረችው ገና በዚያው ሳምንት ነው። «አባባ፣ በሰው ከመፍረድዎ በፊት ፀሐይ ላይ እናውለው» አለች። ከመጽሐፏ ቁጥር ወስዳ አሰላችና፣ ሲሞቅ እስከዚህ ይወጣል ብላ አባቷ ላምባ የሚለኩበትን ዘንግ በቢላ ጫረችው። እዚያ ካልደረሰ ጋሽ ማሩ ሌባ ተብለው ሊቀሩ ነው፤ ያውም በእሷ ምልክት! እስኪሞቅ ድረስ ከበርሜሉ አጠገብ ሳትነሳ ዋለች።

ከቀትር በኋላ ዑመር ዘንጉን አጥልቀው አወጡት። እርጥቡ ጭረቱ ላይ ደርሷል።

«አላህ ይቅር ይበለኝ!» አሉና እዚያው ገበያ መካከል፣ ወዳጃቸውን ባዋረዱበት ቦታ፣ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ማሩ ብድግ አድርገው አቀፏቸው።

ነጅሚያ ስትመረቅ ዑመር በሕይወት አልነበሩም። በአባት ወንበር የተቀመጡት ጋሽ ማሩ ናቸው። መሣሪያው የለካው ከስሌቷ ጋር ገጥሞላት ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፤ ምስጋናዋን ግን ከሁሉ አስቀድማ ለእሳቸው አቀረበች።

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁና ልጄ?» አሉ አፍረው።

«ያን ቀን አንዲት ጣሳ ቀድተው ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ፣ ላምባው ምልክቴ ላይ አይደርስም ነበር» አለቻቸው። «የመጀመሪያ ስሌቴን ልክ ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት።»