ትራፊኩ አልፏል፣ ቀና በይ

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ አብነት አንድ ልብስ ስፌት ቤት በተቀጠርኩ በዓመቱ የገጠመኝ ነው። ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። አላለፈም።

ከዚያ በፊት ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ ሆኜ ትራፊክ ፖሊስ እንዳያየኝ ጎንበስ ባልኩበት ታክሲው ከኋላ ተገጭቶ ወገቤን ተጎድቼ ነበር። እብጠቱ ጠፋ፤ ሕመሙ ቀረ። ራጅ ተነሳሁ፤ "ምንም የለም" ተባልኩ። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ፣ "አንቺን ሥራ ሲሉሽ ነው የሚያምሽ!" ትለኝ ጀመር። የሚያናድደው፣ አንዳንዴ እኔም "እውነቷን ይሆን እንዴ?" እላለሁ።

አንድ ጠዋት ሥራ ረፍዶብኝ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ታክሲ ውስጥ በትርፍ ገባሁ።

"ትራፊክ! ጎንበስ በይ፣ እህቴ!" አለ ወያላው።

ጎንበስ አልኩ። ፊሽካ ተነፋ። ወዲያው ወገቤን ቀስፎ ያዘኝ። ማንም አልነካኝም። ልቤ ይደልቃል፣ ላብ አጠመቀኝ።

"ትራፊኩ አልፏል፣ ቀና በይ!"

አልቻልኩም።

"ተመቻት መሰለኝ!" አለ አንዱ ከኋላ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ።

አጠገቤ የተቀመጡ ሒጃብ ያደረጉ እናት ተቆጡ። "ምን ያስቃችኋል? ልጅቷ ገርጥታለች እኮ!" እጄን ያዙ። "አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።" ልደታ ላይ ደግፈው አወረዱኝ፤ መንገዳቸውን ትተው ክሊኒክ አደረሱኝ።

ሐኪሙ ሁሉንም ጠየቀኝ፤ እናቴ የምትለውንም ነገርኩት። "አልዋሸሽም" አለኝ። "አንጎል ውስጥ ሕመም የሚሰማበትና ፍርሃት የሚነሳበት ቦታ የተያያዙ ናቸው። ሕመም ሲቆይ ፍርሃቱን ይቀሰቅሰዋል፣ ፍርሃቱ መልሶ ሕመሙን። ጉዳቱ ቢድንም መስመሩ ክፍት ይቀራል።"

"ታዲያ ይዝጉልኛ!" አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በአንድ ክኒን የሚዘጋ አይደለም፣ ጊዜ ይፈልጋል አለኝ።

ለእናቴ ስነግራት፣ "አሁን ደግሞ ጭንቅላትሽ ነው አሉሽ?" አለች። ግን የያዝኩትን የውሃ ጀሪካን ከእጄ ወሰደችው።

ውሸታም አለመሆኔን ማወቄ እፎይ አሰኝቶኛል። አላዳነኝም። ባለፈው ሳምንት ወንበር አግኝቼ ተቀምጬ ሳለ ወያላው ሌላ ልጅ "ጎንበስ በይ" አላት። ጎንበስ ያለችው እሷ፣ የተያዘው የእኔ ወገብ። ትራፊኩ አለፈ፤ እሷ እየሳቀች ቀና አለች። እኔ መውረጃዬ ሲደርስ መነሳት አቅቶኝ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ።