ዲላ የቀረችው ክፍት መኪናዬ

ከዲላ የወጣሁ ዕለት ማታ ካፊያ ነበር። ሻንጣዬን ደጅ አስቀምጬ መኪናዬን ለመጨረሻ ጊዜ አስነሳኋት። ቁልፉን አንዴ ሳዞረው ተነሳች! ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። በጃንሆይ ዘመን የገባች፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የአሜሪካ መኪና ናት። ያገኘኋት ዱመርሶ የሚባል መንደር፣ ቡና ማጠቢያው ጓሮ፣ ዶሮ እየፈለፈለባት ነው። ዘጠኝ ዓመት ለፋሁባት። ፒስተኗን ቶርኖ ቤት ገብቼ በራሴ እጅ ቀረጽኩ፤ ጣሪያዋን ከጭነት መኪና ሸራ ሰፋሁ። መሐንዲሶች «አትነሳም» ብለው ነበር። እኔ አራተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም።

አንድ የዲላ ልጅ ፎቶዋን ጆሃንስበርግ ውስጥ አሮጌ መኪና ለሚያድስ ነጭ አሳየው። ሰውየው «ይህን ሰው አምጡልኝ» አለ። መንገድ ላይ የሚያሻግረኝ ደላላ ፓስፖርቴን እንደያዘ ጠፋ። ስደርስ ያገር ልጆች፣ «ጋሼ፣ የስደተኞች ቢሮው መስኮት ጋ ሲጠይቁህ ሸሽቼ ነው በል» ብለው መከሩኝ። እኔ ልሸሽ?

«ከማን ሸሽተህ መጣህ?» አለችኝ የመስኮቷ ሴትዮ፣ በአስተርጓሚ።

«ከማንም። ለእጄ ሙያ ተፈልጌ ነው» ብዬ ፎቶውን አሳየኋት።

«ቆንጆ መኪና ናት። የጥገኝነት ጥያቄህ ውድቅ ሆኗል።»

«እንግዲያው አገሬ ሸኙኛ!»

«ይግባኝህ ሳይታይ አትሄድም።»

«መቼ ይግባኝ አልኩ?»

«አስተርጓሚህ ፈርሞልሃል። ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ።»

ስምንት ጊዜ ተመለስኩ። ነጩ ሞተ፤ ልጆቹ ጋራዡን ሸጡት። አሁን የሰው ጎማ እለጥፋለሁ፤ በዚህ ከተማ እንደ እኔ የሚለጥፍ የለም። ብርዱ ደረቅ ነው፣ አጥንት ይቆረጥማል። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ጎመን ቢደርቡበትም ቆጮ አይሆንም።

ባለፈው እሁድ ባለቤቴ ወርቅነሽ ደወለች። ስለ መኪናዋ ጠየቅኳት።

«የታምሩ አባት፣ አትቆጣኝ» አለች። «ቆጮ የምናብላላበት ጉድጓድ ውሃ ገባበት። የመኪናዋን ወንበሮች አወጣሁና ኮባ አንጥፌ ቆጮውን እሷ ውስጥ ጠቀጠቅኩት።»

«አንቺ ሴት! የቆጮ ውሃ ብረት ይበላል እኮ!»

«በልቶታል። በወለሏ ይንጠባጠባል።»

ጮህኩ። ዘጠኙን ዓመት አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ትመጣለህ?» አለች። «እመጣለሁ ካልክ ዛሬውኑ አውጥቼ አጥባታለሁ።»

የይግባኝ ቀጠሮ ወረቀቴን ከኪሴ አወጣሁት፤ አሁንም «ከስድስት ወር በኋላ» ይላል። መልሼ አጠፍኩት።

«ወርቄ» አልኳት፣ «ኮባ ደርቢበት። አየር እንዳይገባው።»