ሮዟን ዓሣ ማን ይሰይማት?

ቀማሚዋ እጇ የተባረከ ነው። ደንበኛ የመጋረጃ ቁራጭ ይዞ ቀለም ቤቱ ከገባና «ልክ ይህን የመሰለ» ካላት፣ ነጩን ባልዲ ትከፍታለች፤ ጠብታ ቢጫ፣ ጠብታ ጥቁር ጨምራ በዱላ ታማስላለች፤ ከዚያ ጣቷን ነክራ ካርቶን ላይ ትቀባና በጸጉር ማድረቂያ ታደርቀዋለች። ሳይደርቅ አትፈርድም። «እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው» ትላለች። ሲደርቅ መጋረጃውን ከጎኑ ስታስጠጋው የቱ ጨርቅ፣ የቱ ቀለም እንደሆነ ደንበኛው ራሱ ይጠፋበታል። ይህን ሁሉ ለፍታ ግን ክዳኑ ላይ የምትለጥፈው ስም የፋብሪካው ነው፤ «የማለዳ ጭጋግ»፣ «የእርግብ ላባ»፣ አንዳንዴም «የበረሃ ሹክሹክታ»። በረሃ ምን ብሎ እንደሚያንሾካሹክ የሚያውቅ ደንበኛ እስካሁን አልመጣም።

ቤቷም ውስጥ ስም የማውጣት ዕድል የላትም። እዚያ ስም የሚያወጡት አማቷ ናቸው። ድመቷን «ጄኔራል»፣ ሲነሳ የሚያቃስተውን ማቀዝቀዣ «ሙሽሪት» ይሉታል፤ የጎረቤቱን መኪና ደግሞ ባለቤቱ ባለበት በማይነገር ስም ይጠሩታል። ችግሩ ስማቸው መጣበቁ ነው። አንዴ ከአፋቸው ከወጣ ሰፈሩ ሁሉ ይቀበለዋል። ቀማሚዋ አንድ ልጇን የወለደች ዕለትም ድካም ጣላትና እንቅልፍ ይዟት ሄደ፤ ስትነቃ አማቷ ሕፃኗን ታቅፈው በስሟ እየጠሩ ያጫውቷታል፤ የልደት ወረቀቱም ተሞልቶ ማኅተም አርፎበታል። ስሙ ቆንጆ ነው። ልጅቷም ወዳው ይኸው ሁለተኛ ደረጃ ደርሳበታለች። ቀማሚዋ ራሷ አስባው የነበረውን ስም ከረሳችው ቆይታለች፤ ያልረሳችው መቀደሟን ነው።

ዓሣዎቹ በባሏ በኩል የመጡ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሲታደስ ሊጣል የነበረ የመስታወት ገንዳ ከነነዋሪዎቹ ተሸክሞ ከች አለ። ሲክሊድ ይባላሉ። ጠበኞች ናቸው፤ አንድ ድንጋይ ይዘው ውሃውን ሁሉ የእኛ ነው የሚሉ። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ቀማሚዋን ግን ልቧን ያጠፋው ቀለማቸው ነው፤ አንድ ዘር ሆነው ሳለ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ዥንጉርጉር። ብዙም ሳይቆይ ሳሎኑ ገንዳ በገንዳ ሆነ፤ እንግዳ ሲመጣ ከዓሣ ተርፎ መቀመጫ ካገኘ ተመስገን ነው።

የዓሣ አርቢዎች ማኅበር ውስጥ ስትገባ ደግሞ ያንን ደንብ ሰማች። አዲስ ቀለም ያወጣ ሰው፣ ልጆቹም ወላጆቻቸውን መስለው ከተወለዱለት፣ በዓመቱ ትርኢት ላይ ከገንዳው አጠገብ ቆሞ የዘሩን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። መጀመሪያ የተጠራው ስም ይጸድቃል፤ ጠሪው ማንም ይሁን ማን። ድሮ ሁለት አባላት «እኔ ነኝ ቀድሜ ያልኩት» ተባብለው ከተኮራረፉ ወዲህ የወጣ ደንብ ነው። ቀማሚዋ ይህን በሰማች ማግስት ሦስት ባልዲ ቀለም አበላሸች። ስም ማውጣት! በገዛ አፏ!

ወዲያው ሰማያዊ ወንድና ቢጫ ሴት አገናኘች። ሰማያዊና ቢጫ ምን እንደሚሰጥ እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? ለአረንጓዴው ዘር አርባ ስም አዘጋጅታ ጠበቀች። ጫጩቶቹ አደጉ፤ ሁሉም ቁርጥ አባታቸውን፣ ሰማያዊ። አንዲት አረንጓዴ፣ ለመድኃኒት እንኳ፣ አልተገኘችም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ፋርማሲስት ናቸው። ስትነግራቸው መነጽራቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ባልዲ አይደለም! ዘር እንደ ቀለም አይበጠበጥም። ልጁ ከእናትም ከአባትም ይወስዳል፤ አንዱ ይታያል፣ ሌላው ይደበቃል። የተደበቀው በልጅ ልጅ ብቅ ሊል ይችላል።»

እቤት ገብታ ይህንኑ ስታወራ አማቷ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይሄንን ለማወቅ ነው ማኅበር የገባሽው? የዚህን ልጄን ጆሮ አታዪውም? የባሌ አያት ጆሮ እኮ ነው። ባሌን ዘሎ መጥቶ እሱ ላይ ጉብ አለ።»

ባልየው ጆሮውን በእጁ ሸፈነ።

ቀማሚዋ ወንድምና እህቶቹን እርስ በርስ አራባች። የልጅ ልጆቹ ሲመጡ አብዛኞቹ ሰማያዊ፣ ጥቂቶቹ ቢጫ ሆኑ፤ ከመካከላቸው ግን የክንፋቸው ጫፍ ሐምራዊ የሆነ ሮዞች ነበሩ! እንዲህ ያለ ሮዝ በፋብሪካው የቀለም ካታሎግ ውስጥም የለም። ቀማሚዋ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ በሌላው የባሏን ጫማ አድርጋ ፋርማሲ ድረስ ሮጠች፤ መድኃኒት ለመግዛት የተሰለፈው ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፤ ወንድ ይሁን ሴት የጠየቃትም ነበር።

እና ሮዞቹ አደጉ። ሲያድጉ አንድ በአንድ እየጠቆሩ የባልዲ እጣቢ መሰሉ። የሲክሊድ ጫጩት የልጅነቱን ቀለም ይዞ እንደማይቀር ጀማሪ አርቢ ሁሉ ያውቃል፤ ካርቶን ሳታደርቅ የማትፈርደው ሴትዮ ደግሞ ገና በእርጥቡ ለማኅበሩ ለፍፋ ነበር። አባላቱ ለሳምንታት መሳለቂያ አደረጓት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ፣ እውነታቸውን ነው። ደግነቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሮዝ እንደሆኑ ቀሩ።

ለትርኢቱ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ሴቲቱ ዓሣ አፏን በእንቁላል ሞላች። አሁን ሁሉ ነገር በዚያች ዓሣ አፍ ውስጥ ነው። ደንግጣ እንቁላሎቿን ከዋጠች ወይም ጫጩቶቹ ሌላ ቀለም ይዘው ከወጡ ስም የሚባል ነገር የለም። ወንዱም አቅመ ደካማ ነው፤ ለከርሞ መድረሱ ያጠራጥራል።

ቤተሰቡ በእግር ጣት መሄድ የጀመረው ያኔ ነው። ከሁሉ የባሰባቸው ደግሞ፣ ዓሣ የሚጠበስ እንጂ የሚጠበቅ ነገር አይደለም ሲሉ የኖሩት አማቲቱ ናቸው።

«ምንም አልበላችም እኮ!»

«እማማ፣ አፏ ውስጥ ልጆች አሉ። ሦስት ሳምንት አትበላም።»

«ሦስት ሳምንት!» አሉና ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ በር ያንኳኳ ሰው ወየውለት። ልጅቷ ሙዚቃ እንዳትከፍት፣ ባልየው እንዳያስነጥስ ተከለከለ። ጄኔራል ወደ ኩሽና ተባረረች። ሙሽሪት እንኳ ከመቃሰቷ በፊት ሶኬቷ ይነቀል ነበር፤ ወተቱ ተበላሸ፣ ማንም አልተቆጣም።

ጫጩቶቹ ወጡ። ቀማሚዋ ቀለማቸው እስኪረጋ አፏን ዘግታ ጠበቀች፤ ትምህርቷን አግኝታለች። ረጋ። ሁሉም ሮዝ! ሁሉም ባለ ሐምራዊ ጫፍ! አማቲቱ ጭልፋ ይዘው ሳሎኑን በጭፈራ ዞሩት፤ ባልየው ኮርኒስ እስኪነካ ዘለለ። ከዚያ አማቲቱ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ለትርኢቱማ እኔም እመጣለሁ። ለሮዟ ልጅ የሚሆን አንድ ስም ይዣለሁ።»

ቀማሚዋ ባሏን አየችው፤ ባሏ ኮርኒሱን አየ።

አማቲቱን ለማስቀረት ያልተሞከረ ነገር የለም። የአዳራሹ ሙቀት ተወሳ፣ የእግራቸው ሕመም ተወሳ፣ ልጅቷም አያቷን ሲኒማ ልውሰድዎ አለች። ወይ ፍንክች! በቀኑ ማልደው፣ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግተው በሩ ላይ የተገኙት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው አፍ የወጣ ስም ተጣብቆ እንደሚቀር ደግሞ ቀማሚዋ ልጇን ባየች ቁጥር ታስታውሳለች።

አዳራሹ በሰውና በገንዳ ተጨናንቋል። ሊቀመንበሩ ከገንዳ ገንዳ እየዞሩ ሮዞቹ ጋ ደረሱና አጎንብሰው እናትና አባቱን አዩ፤ ልጆቹን አዩ፤ መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል።

«ዘሩ ጸንቷል። የዘሩ ስም ማን ይባል?»

ቀማሚዋ አፏን ከፈተች። አርባ ስም አዘጋጅታ ነበር፤ አርባውም ብን ብለው ጠፉ። በጎኗ አማቷ አየር ሲስቡ ተሰማት፤ ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች፣ ድመቷም ማቀዝቀዣውም ከዚያ ትንፋሽ በኋላ ነው ስም ያገኙት። ሳታስበው ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ፦

«ፈንጠዝያ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ እየሳቁ ጻፉት። አማቲቱ ብቻ አልሳቁም። የሳቡትን አየር ይዘው ቆዩና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ፈንጠዝያ? ይሄ ስም ነው?»

የቀማሚዋ ፊት ከዓሣዋ በላይ ቀልቷል። ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«ነው፣ እማማ። እናቷ እኔ ነኝ።»

አማቲቱ ዓሣዋን አዩ፤ ከዚያ ከባልየው ጎን የቆመችውን የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ መጨረሻ ላይ ምራታቸውን፣ ለረጅም ጊዜ። ቦርሳቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያስ ጮክ ብለሽ ድገሚው» አሏት። «ኋላ ያሉት አልሰሙሽም።»