ተኳርፈው የማይነዷት መኪና

ባለቤቴ ያቺን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ያገኛት አቃቂ ውስጥ፣ በአንድ ጡረተኛ አዛውንት ግቢ፣ ዶሮ ሲያድርባት ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ቁመቷ ከወገቤ የማያልፍ ነገር ነበረች። እሱ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ዶሮዎቹን አስወጥቶ፣ እሑድ እሑድ ሲታገላት ከርሞ አስነሳት። ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅበት አንድ ቀን እንኳ አልተናደደም። እኔ ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ለዶሮዎቹ እመልስላቸው ነበር።

ሀገሩ ገና በግራ በኩል ይነዳ በነበረበት ዘመን የገባች ስለሆነች መሪዋ በቀኝ ነው። ይህ ለማያውቅ ሰው ምንም አይመስለውም። ችግሩ የሚመጣው ከፊት የጭነት መኪና ሲኖር ነው። ሹፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ስለሆነ ከጭነት መኪናው ጀርባ በቀር የሚታየው ነገር የለም። ከማዶ የሚመጣውን የሚያየው በግራ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። «ውጣ» ስለው ለመቅደም ይወጣል፣ «ቆይ» ስለው ይቆያል። አንድም ቀን «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎኝ አያውቅም። በትዳራችን ውስጥ ቃሌ ያለ ክርክር የሚሰማው እዚያች ወንበር ላይ ስቀመጥ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ስትቆም ደግሞ መቆም ታውቅበታለች። የሳሪስን ዳገት ስትወጣ ትግላለች፣ ዝናብ ሲነካት ትጠፋለች፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ቀጥ ትላለች። እኔ ወርጄ ለጎማዋ የድንጋይ ታኮ አደርግላታለሁ፤ ከዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሬ ከኋላዋ አስፋልቱ ላይ አነጥፋለሁ፣ የሚመጣ መኪና ከሩቅ አይቶ እንዲያልፈን። ወዲያው ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ካርቡራተር ነው» ይላል። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ኮፋኖውን ይከፍትና የሁሉንም ምክር እንደ ቁም ነገር ያዳምጣል። ከዚያ የራሱን ይሠራል። ስትነሳም መካሪውን ሁሉ በየተራ ያመሰግናል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ሲስቅ ከማየት የሚበልጥ ነገር አልነበረኝም፤ ነግሬው ግን አላውቅም።

ፍሬኗማ የራሷ ጸባይ ነበራት። ጎሚኒ የሚሉት የፍሬን ላስቲክ ለእሷ ዓይነት መኪና ስለማይገኝ የሌላ መኪና ይገጠምላታል፤ እሱም ሲያሰኘው ዘይቱን ያፈሰዋል። አንድ ጊዜ ሳሪስ ውስጥ ፍሬን ሲረግጥ እምቢ አለችው፤ ሰው ወደሌለበት ጠምዝዞ አንድ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች የተራገፈ አሸዋ ላይ አሳረፋት። ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ አካፋ ተቀበለ፣ የበተነውን አሸዋ ሰብስቦ እንደነበረ ከመረላቸው። ባለቤቶቹ በመጨረሻ ሻይ ጋበዙን።

ሁሉንም ችያለሁ። የታናሽ እህቴ ሠርግ ቀን ግን መንገድ ላይ ቀረችብን። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ቀሚሴ ግሪስ ነክቶት ስደርስ ሙሽሮቹ ሄደዋል። እህቴን ሳልስማት ተሸኘች። ማታ ቤት ስንገባ «ወይ እሷ ወይ እኔ፤ ምረጥ!» አልኩት። ዝም አለ። ከሠርጉ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ዝምታው ነው። ሰው እንዴት በሚስቱና በቆርቆሮ መካከል ለመምረጥ ጊዜ ያስፈልገዋል?

ተኮራረፍን። አንድ ማዕድ ላይ ቀርበን ጨው እንኳ አቀብለኝ ሳንባባል ሰነበትን። በመጨረሻ ልብሴን በሻንጣ ከትቼ አቃቂ በሰቃ እናቴ ጋ ልሄድ ተነሳሁ። ላልመለስ ነበር ሐሳቤ። በልቤ ግን በሩ ላይ ቆሞ እንዲለምነኝ እፈልግ ነበር። እሱ ሻንጣዬን ተቀብሎ ከኋላ ጫነው፣ በግራ በኩል ያለውንም በር ከፍቶልኝ ቆመ። ጎረቤት እያየ እምቢ ማለት አላማረኝም፤ ገባሁ።

ከሳሪስ እንደወጣን ከፊታችን አንድ ባለተሳቢ ገባ። እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ጥቁር ጭሱን ፊታችን ላይ ይለቅብናል፤ ጣሪያችን ደግሞ ክፍት ነው። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ባዶ ሆነ። አየሁት፤ «ውጣ» ግን አላልኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ሚኒባሶች እያለፉን ሲሄዱ አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ግፏት!» ብሎ ሳቀብን። ቃሊቲ ስንደርስ የቀለበት መንገዱ ሥራ አቧራ ተጨመረበት። ሁለታችንም እያሳልን፣ ጥርሳችንን ነክሰን፣ ተሳቢውን እንደ ቀብር አስከሬን አጀብነው።

ከቃሊቲ አልፎ ወደ አቃቂ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ፍጥነቱን ቀነሰ። ባለቤቴ ፍሬን ረገጠ። እግሩ እስከ ወለሉ ሲሰምጥ አየሁ። ደገመ፤ አሁንም ሰመጠ። ያን ሁሉ ቀን ተዘግቶ የከረመ አፉን ከፍቶ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ፍሬን የለም» አለኝ።

ከወንበሬ ብድግ ብዬ በመስታወቱ ላይ አሻግሬ አየሁ። አውቶቡስ እየመጣ ነው።

«ቆይ!» አልኩት።

ማርሹን ቀነሰ፣ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ እሱም ድሮም ለስሙ ነው። የተሳቢው ጀርባ ወደ ፊቴ መጣ፤ በጭቃ የተሸፈነ ታርጋውን እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ነው፤ ከአፌ የሚወጣውን ይጠብቃል።

«ቆይ... ቆይ... አሁን ውጣ!»

ወጣ። አንገቱን እንኳ ቀና አላደረገም። የአውቶቡሱ ነፋስ አልፎን ሻሼን ይዞት ሄደ፤ እኛ በተሳቢው ጎን ነን፣ ከዚያም ከፊቱ። በሕይወቴ እንዲህ ታምኜ አላውቅም።

ግን ቁልቁለቱ አላለቀም። ከፊታችን አህያ የሚነዱ ሴቶች መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው፤ በሴቶቹ መሃል ሾልካ ብታልፍ መኪናዋ እዚያ ቀስ ብላ ትቆም ይሆናል፣ አንድ ጭረት ሳይነካት። እሱ ግን መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ጎኗን የመንገዱን ዳር ከያዘው የድንጋይ ግንብ ጋር አጣበቀ። ያ ጎን የራሱ ጎን ነው። እሑድ እሑድ በእጁ የወለወለው ቀለም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተላጠ፣ የጎን መስታወቱ ተገንጥሎ በረረ፣ የበሩ ቆርቆሮ ተጨማደደ። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ቆመች።

በእሱ በኩል ግንብ ስለሆነ መውረጃ የለውም። እኔ ቀድሜ ወርጄ እጁን ይዤ በእኔ በር አወጣሁት። የሸሚዙ እጅጌ ተቀዶ ክርኑ ይደማል። መኪናዋን ዞር ብሎ አላየም። «ደህና ነሽ?» አለኝ፤ «ደህና ነኝ» ብለው መልሶ ጠየቀኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየ አሁንም ጠየቀኝ። ሴቶቹ ደርሰው «እሰይ፣ ተረፋችሁ!» ይላሉ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ቀድጄ ክርኑን አሰርኩለት። ወደድኩት። ተናድጄ የከረምኩትን ያህል ወደድኩት።

ቅጠልና ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ደርድሬ ስጨርስ አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ።

«አቃቂ! አንድ ሰው! እህቴ ትገቢያለሽ?» አለ ረዳቱ።

ባለቤቴ ሻንጣዬን አውርዶ ወደ ሚኒባሱ አቀረበው። «ሂጂ፣ እናትሽ ጋ ግቢ» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እኔ አስጎትቻት ልመለስ። ነገ ገዢ እፈልግላታለሁ» አለ።

ሻንጣዬን ከእጁ ቀማሁት። ረዳቱን «ሂድ ወንድሜ» ብዬ አሰናበትኩትና ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

«የማንን መኪና ነው የምትሸጠው?» አልኩት።