መልእክተኛው ማነው?

ነገሩ የሆነው በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ ድሬዳዋ የባዮሎጂ አስተማሪ ሳለሁ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም፤ ግን አንድም ቀን ከልቤ ወጥቶ አያውቅም።

ውጭ አገር የሚማረው ታናሽ ወንድሜ፣ ምን እንደሚሠራ ሊያሳየኝ አንድ ረጅም የኮምፒውተር ወረቀት ላከልኝ። አራት የፈረንጅ ፊደላት ብቻ ከላይ እስከ ታች ተደርድረውበታል። የዶሮ ጂን፣ ማለትም ዘረመል፣ ነው። ኮምፒውተሩ ጂኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይገምታል፤ ወንድሜ ደግሞ የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ ያርማል።

ከጅቡቲ በፖስታ አድርጎ ያመጣልኝ ጎረቤቴ ዑስማን ነው። ባቡር ላይ ይሠራል፤ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል። «አቦ አስተማሪ፣ ወንድምህ ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንድ ሽርጥ ቢልክልህ አይሻልም?» ብሎ ሳቀብኝ።

አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃዎች ኮንትሮባንድ ፍለጋ ቤቴን ሲበረብሩ ወረቀቱን ከነፖስታው አገኙ፤ የሚስጥር ጽሑፍ መሰላቸው። ኮንትሮባንዱን ረሱት። እኔንም ወረቀቱንም ከዚራ የሚባለው ሰፈር ወዳለ አንድ የደኅንነት ቢሮ ወሰዱን።

መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነው። «አስረዳኝ» አለኝ። እኔ ጅሉ ተማሪ ፊት የቆምኩ መሰለኝ።

«ይሄ ጀምር ማለት ነው፣ ይሄ አቁም ማለት ነው። መሀል ያለው የማይፈለገው ተቆርጦ ይጣላል፤ የቀረውን መልእክተኛው ይዞት ይሄዳል» አልኩት።

ቀና አለ። «መልእክተኛው ማነው?»

«አር ኤን ኤ ይባላል።»

«የሰው ስም ነው የጠየቅኩህ» አለና ፖስታውን ገለበጠው። «ቴምብር የለውም። ማን አመጣልህ?»

እውነቱን ልናገር፣ ማንም አልመታኝም። ፈራሁ። ዑስማን ቢጠየቅ የሚመሰክርልኝ መሰለኝ። «ጎረቤቴን ዑስማንን ጠይቁት፣ እሱ ነው ያመጣልኝ፤ ምስኪን ነው፣ ፊደል እንኳ አይለይም» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! መርማሪው ስሙን ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

እኔን በሦስተኛው ቀን ለቀቁኝ። ዑስማንን ግን ከባቡር ሲወርድ ይዘውት ሄዱ። በዚያው ቀረ። የት እንደደረሰ የነገረን የለም።

ሚስቱ ፋጡማ መፈታቴን ሰምታ ልጇን አዝላ መጣች። «አልሐምዱሊላህ፣ አንተን እንኳ አወጣህ። አስተማሪ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ማን እንደጠቆመበት አጣራልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ስንት ጊዜ ልነግራት ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ! ልጇን አስጠናሁ፣ አስተማርኩ። እሷም ለዒድ ምግብ ሳትልክልኝ ቀርታ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ሞተች። ቀብሯ ላይ ልጇ አቀፈኝና «አባት ሆነህ አሳደግከኝ» አለኝ።

«ኧረ እኔ ምን አደረግኩ» አልኩት።

ልጄ፣ ፊትህን እያየሁ መናገር አቃተኝና ጻፍኩልህ። የአባትህን ስም ለመርማሪው የሰጠሁት እኔ ነኝ።